ከዕድራችን የጠፉት ሁለት ብረት ድስቶችና የዱርካይም ትምህርት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው ሳምንት በአስተያየት ገጻችሁ ላይ የጻፉት ሰው፣ በኅብረተሰብ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ለኅብረተሰቡ የሚሰጠውን አገልግሎት የሚመረምሩት፣ «ፈንክሽናሊስት» የሚባሉት የሶሲዮሎጂ (የኅብረተሰብ ጥናት) ምሁራን ወንጀል ለኅብረተሰብ ይጠቅማል ብለው እንደሚያስተምሩ ጠቅሰው፣ ይህ ትምህርት ሌባን ከማደፋፈር ያለፈ ፋይዳ እንደሌለውና መፍትሔው የተያዙ ሌቦችን ፎቶግራፍ በየአደባባዩና በየታክሲ ማቆሚያው መለጠፍ እንደሆነ አሳስበዋል። በሌብነት መማረራቸው አይፈረድባቸውም፤ እኔም ዓምና ስልኬን ታክሲ ስሳፈር ተሰርቄአለሁ። ይሁን እንጂ የነቀፉትን ትምህርት በትክክል አላቀረቡትም፤ እንደ መድኃኒት ያቀረቡት የፎቶግራፍ ነገርም ከዚያው ከነቀፉት ትምህርት ጋር በአንድ ቤት የሚያድር መሆኑን ያስተዋሉት አልመሰለኝም። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን የሰፈሬ ዕድር ጸሐፊ የሆንኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝም ከመጻሕፍቱ ይልቅ በዕድራችን ያየሁት ነገር ነው።

በመጀመሪያ ትምህርቱ ራሱ ምን ይላል? ነገሩ የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ1858 በምሥራቅ ፈረንሳይ ኤፒናል በምትባል ከተማ ከአንድ የአይሁድ ረቢ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1917 ካረፈው ከሶሲዮሎጂ ምሁሩ ከኤሚል ዱርካይም ነው። ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1893 እና በ1895 ባሳተማቸው ሁለት ሥራዎች፣ ወንጀል የሌለበት ኅብረተሰብ የትም ታይቶ እንደማይታወቅ፣ በየዘመኑና በየአገሩ የሚገኝ ነገር ደግሞ እንደ ድንገተኛ በሽታ ሊቆጠር እንደማይችል ተከራከረ። ይህን ሲል ወንጀለኛው ደግ ሰው ነው ወይም የተሰረቀው ሰው አልተጎዳም ማለቱ አልነበረም። ሕመምን ማንም አይወደውም፤ እሳት ሲነካው የማይሰማው ጣት ግን ጤነኛ ጣት አይደለም። የዱርካይም ጥያቄ ሌባው ለምን ሰረቀ የሚል ሳይሆን፣ አንድ ሰው ሲሰርቅ የቀረነው ምን እንሆናለን የሚል ነው። የሰጠውም መልስ፣ አንድን ድርጊት የምናወግዘው ወንጀል ስለሆነ ሳይሆን፣ ወንጀል የሚሆነው የጋራ ኅሊናችንን አስቆጥቶ ስላወገዝነው ነው፤ ቅጣቱም ከተቀጪው ይልቅ የሚናገረው ቆሞ ለሚያየው ጨዋ ሰው ነው የሚል ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊመስለን አይገባም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው አባባላችን የዱርካይምን ግማሽ መጽሐፍ በአንድ መስመር ይዞታል። በቅሎ የአንድ ጌታ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ደግሞ የአንድ ጊዜ ጉርሻ። ያም ሆኖ የሚያንገበግበን የጭብጦዋ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የተነካው ንብረታችን ሳይሆን ሁላችንም የምንኖርበት ሥርዓት ነው። ዱርካይም ደግሞ የቅዱሳን ማኅበር አስቡ ይለናል፦ ነፍሰ ገዳይና ሌባ የሌለበት ገዳም። እዚያ ወንጀል አይጠፋም፤ ለእኛ ለዓለማውያን ምንም የማይመስለን ጥፋት እዚያ እንደ ትልቅ ነውር ይቆጠራል። የዋልድባን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ከሥራሥር የሚዘጋጅ ቋርፍ እየበሉ በሚኖሩበት በዚያ ገዳም እህል መቅመስ ሥርዓት መጣስ ነው፣ ለእኔና ለእርስዎ ግን እህል የዕለት እንጀራችን ነው። ድንበሩ ይጠብቃል ወይም ይሰፋል እንጂ ድንበር የሌለው ማኅበር የለም፤ ድንበር ካለ ደግሞ የሚረግጠው አይጠፋም።

አሁን ወደ ዕድራችን ልመለስ። ዕድራችን መቶ አርባ ያህል አባላት ሲኖሩት፣ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሚደረገው ስብሰባ ላይ አርባ ሰው ከተገኘ ሊቀመንበራችን ደስታቸውን አይችሉትም። አብዛኛው ሰው ወርሃዊ መዋጮውን በልጁ ይልካል፤ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ እየቀረ ደንባችንን ለማሻሻል የያዝነው አጀንዳ ለአራት ዓመት ከቃለ ጉባኤ ወደ ቃለ ጉባኤ ሲንከባለል ኖሯል። አምና በሐዘን ቤት ለሚደረግ ዝግጅት ዕቃ ሊወጣ ሲቆጠር ሁለት ትልልቅ ብረት ድስቶች ጎደሉ። ተጣርቶ ሲታይ የወሰዳቸው የአንድ ነባር አባላችን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ለቆራሌ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሸጧቸው በገንዘቡ አንድ ጥንድ ሰልባጅ ጫማ ገዝቷል። ይህን ባጣራን ወር የተደረገው ስብሰባ ላይ ወንበር አልበቃ ብሎ የድንኳኑን አግዳሚዎች አወጣን። በአጥር ክርክር ሁለት ዓመት የተኳረፉ ጎረቤታሞች በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲንሾካሾኩ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት እናት ተነሥተው፣ «እነዚያ ድስቶች እኮ የእናቴ ተዝካር የተቀቀለባቸው ናቸው» ሲሉ ቤቱ በአንድ ድምፅ ጉድ አለ። ለአራት ዓመት ያልተሟላው ምልዓተ ጉባኤ በዚያ ቀን ተሟልቶ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሁለት እንዲሆንና በሁለት ሰው እጅ እንዲያዝ ደንቡ ተሻሻለ። እኔ ቃለ ጉባኤውን እየያዝኩ በልቤ «ዱርካይም እዚህ ቢኖር!» እያልኩ ነበር።

ማኅበረሰብ በአጥፊው ዙሪያ መሰብሰቡ በአገራችን የቆየ ነገር ነው። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ልማድ፣ ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ባልታወቀ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተጠርቶ አጥፊው እስኪወጣ ይሰበሰብ ነበር፤ ያልተገኘ ሰው መቀጮ ይከፍላል፣ አጥፊው ካልታወቀም ዕዳው በአገሬው ላይ ይወድቅ ነበር። የወንጀሉን ክብደት ያህል የመሰባሰቡን ክብደት የሚያሳይ ሥርዓት ነው። ሌባሻይም ነበረ፦ ለአንድ ብላቴና መድኃኒት ያጠጡታል፣ ይለቁታል፣ ብላቴናው እየተንገዳገደ ሄዶ ከአንድ ሰው ቤት ገብቶ ይወድቃል፤ የቤቱ ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ፤ ሌባሻይ ሳይወድቅ አይቀርም፣ ሁልጊዜም አንድ ቤት ያገኛል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

የትምህርቱ ሁለተኛው ገጽ፣ የዛሬው ማፈንገጥ አንዳንድ ጊዜ የነገው ሕግ ይሆናል የሚለው ነው። ዱርካይም ለዚህ የጥንቱን ግሪካዊ ፈላስፋ ሶቅራጥስን ይጠቅሳል፤ በአቴና ሕግ መሠረት ወንጀለኛ ነበር፣ የተቀጣበት የሐሳብ ነፃነት ግን ኋላ የሰው ሁሉ ሀብት ሆነ። ለእኛ ቅርቡ ምሳሌ የጠለፋ ነገር ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ነው ቢልም፣ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን ወድዳ በሕግ ካገባችው ክሱ የሚቀርበት በር ከፍቶ ነበር፤ «ወድዳ» የሚለው ቃል በሽማግሌዎች ፊት ምን ማለት እንደነበረ የገጠሩን ኑሮ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው። በአካባቢዋ ልማድ ዓይን አፈንጋጯ ጠላፊው ሳይሆን እርሷ ነበረች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ቆመውላት ራሷን በመከላከል ነው ተብሎ ነፃ ስትወጣ፣ ጉዳዩ በየቤቱ መነጋገሪያ ሆነ። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ ጠላፊው ተጠላፊዋን ማግባቱ ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ ደነገገ። ለውጡ የዚያች ልጅ ሥራ ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ሴቶች ለዓመታት የደከሙበት ነው። ነገር ግን ድንበሩ የት እንደሆነ ዓይናችንን ገልጠን እንድናይ ያስገደደን፣ ድንበር ረገጠች የተባለችው ልጅ ናት።

አስተያየት ሰጪው ያልጠቀሱት አንድ ሰው ደግሞ አለ፤ አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሮበርት መርተን። መርተን እ.ኤ.አ. በ1910 በፊላደልፊያ ከምሥራቅ አውሮፓ ከመጡ ድሃ ስደተኞች ተወልዶ ያደገ ሰው ስለሆነ፣ ከዱርካይም ይልቅ ለኪስ ጉዳይ ይቀርባል። አገሩ በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣው ጽሑፍ፣ ኅብረተሰቡ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ግብ እያሳየ ወደዚያ ግብ የሚወስደውን መንገድ ግን ለጥቂቶች ብቻ ሲከፍት፣ ማፈንገጥ ከዚያ ክፍተት ይወለዳል አለ። አብዛኛው ሰው ግቡንም መንገዱንም ተቀብሎ ይኖራል። ሌላው ግቡን ይዞ መንገዱን በአቋራጭ ይለውጣል፤ ሌባውም ጉቦኛውም እዚህ ናቸው። ከሁለቱም ሸሽቶ በመጠጥና በሱስ የሚደበቅ አለ፣ ሁለቱንም ንዶ ሌላ ለመትከል የሚነሣም አለ። ግቡን ረስቶ መንገዱን ብቻ የሚያመልከውንም መርተን አልዘነጋውም፤ ፋይል ይዞ ቢሮ የተንከራተተ ሰው ያውቀዋል፣ «አንድ ማኅተም ይጎድላል» ብሎ መዝገቡን ሲዘጋ ፊቱ ላይ የሚታየው እርካታ የሥራ እርካታ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ለመርተን ቢነግሩት ምን ያህል በተደሰተ! ግቡን ያጸደቀው ራሱ ማኅበረሰቡ እንደሆነ፣ በላ የሚባለውም ሰው ከሌላ ዓለም የመጣ እንዳልሆነ አባባሉ ራሱ ይመሰክራል። ያ የዕድራችን ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቆ ለሁለት ዓመት ኮብልስቶን ሥራ ሲፈልግ የኖረ ነው፤ ጫማውን ያየሁት በስብሰባው ቀን ነው፣ ነጭ ነበር፣ ከመንገዳችን ጭቃ ለማዳን እያስተካከለ ይረግጥ ነበር።

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ፈንክሽናሊስት ነኝ ብሎ ሊመድበኝ ይችላል። በከፊል ልክ ነው። ይሁን እንጂ አስተያየት ሰጪው ትምህርቱን የነቀፉበት ምክንያት የተሳሳተ ቢሆንም፣ የሚነቀፍበት ትክክለኛ ምክንያት አለው፤ እርሱም የፎቶግራፉ ሐሳብ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ኅብረተሰቡ ተጠቀመ» በተባለ ቁጥር የትኛው ኅብረተሰብ፣ በማን ኪሳራ ተብሎ መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1937 ኪንግስሊ ዴቪስ የተባለው ሌላው ምሁር ሴተኛ አዳሪነት ትዳርን እንደማይተካ፣ ይልቁንም ከትዳር ውጭ ያለውን ፍላጎት እያስተነፈሰ ጎን ለጎን እንደሚኖር ጽፎ ነበር። ተነፈሰ የተባለው ማን እንደሆነ፣ የማን ገላ ማስተንፈሻ እንደሆነ ግን የእርሱ ሚዛን አይመዝንም።

ይህን አደጋ ዱርካይም ራሱ በገዛ አገሩ አይቶታል። የወንጀልን መደበኛነት የጻፈበት ሥራው በታተመበት በ1895፣ እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን፣ በፓሪስ የጦር ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አልፍሬድ ድሬፉስ የተባለ አይሁዳዊ ሻምበል ለጀርመን ሰልሏል ተብሎ በሕዝብ ፊት ማዕረጉ ተገፈፈ፣ ሰይፉም ተሰበረ። «ንጹሕ ነኝ» እያለ ሲጮህ ከግቢው ውጭ የቆመው ሕዝብ ሞት ይገባዋል እያለ ይጮህ ነበር። የሕዝቡ መተባበር ፍጹም እውነተኛ ነበር፤ ወንጀለኛው ግን ወንጀለኛ አልነበረም፣ ነፃነቱም በፍርድ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1899 ስለ አይሁድ ጥላቻ በሰጠው አስተያየት፣ ኅብረተሰብ ሲታመም ለሕመሙ የሚጠይቀው ሰው እንደሚፈልግና አስቀድሞ የተጠላ ወገን ለዚህ እንደሚታጭ አስረድቷል። ሌባሻይ ሁልጊዜ አንድ ቤት ያገኛል ያልኩት ለዚህ ነው። ለሚሰበሰበው ሕዝብ የተያዘው ሰው እውነተኛው አጥፊ መሆኑ ግድ አይደለም፤ አንድነቱ በሁለቱም መንገድ ይገኛል። በሰሜን አሜሪካ በማሳቹሴትስ የሰፈሩት ፒዩሪታን የተባሉ ጥብቅ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ1692 በሴለም መንደር ጥንቆላ አገኘን ብለው አሥራ ዘጠኝ ሰዎች የሰቀሉት፣ የማኅበራቸው ድንበር በተናወጠበት ዘመን እንደነበረ ካይ ኤሪክሰን የተባለው ሶሲዮሎጂስት አሳይቷል።

በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ደግሞ «በደርግ ጊዜ ሌባ የት ነበር?» ሲሉ አዘውትሬ እሰማለሁ። ዱርካይም ለዚህም መልስ አለው፤ የወንጀል ብዛት በድንገት ከተለመደው በታች ሲወርድ አትፈንጥዙ፣ ሌላ ቦታ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው ይላል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሰዓት እላፊ ሌሊት ኪስ አውላቂ አልነበረ ይሆናል፤ ጠዋት ስንወጣ ግን ጽሑፍ የተለጠፈበት ሬሳ መንገድ ዳር ተጥሎ እናገኝ ነበር። ያም ቅጣት ለተቀጪው ሳይሆን ለሚያየው ነበር። እኔ በዚያ ዘመን ተማሪ ነበርኩ፤ ጽሑፉን ላለማንበብ አንገታችንን አቀርቅረን እንሄድ እንደነበር አልረሳም። ፎቶግራፍ ይለጠፍ ማለት ሬሳ ይጣል ማለት ነው አላልኩም፣ እንዲህ ተብሎ እንዳይተረጎምብኝ። ነገር ግን ሰውን ለማስተማሪያነት መለጠፍ የለጣፊውን አንድነት ከማጠንከር አልፎ ስርቆትን ስለ መቀነሱ አስተያየት ሰጪው አንድም ማስረጃ አላቀረቡም፤ ተይዞ የተለጠፈው ሁሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ የተባለ እንደሚሆንም ዋስትና አልሰጡንም።

እንዲያውም የእኛ ዕድር ሐሳባቸውን አስቀድሞ ሞክሮታል። በዚያ የሞቀ ስብሰባ ላይ አንድ አባል ተነሥቶ የልጁ ስም ከነአባቱ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲለጠፍ ሐሳብ አቀረበ፤ በጭብጨባ አለፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማኅተሙንም የመታሁት እኔ ነኝ። አባትየው ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ የድስቶቹን ዋጋና መቀጮውን በዚያው ሳምንት ከፍለዋል፣ ደረሰኝ ስሰጣቸው «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ከማለት በቀር አልተናገሩም። ወረቀቱ ሦስት ወር ሰሌዳው ላይ ከረመ። በቀጣዩ ወር ስብሰባ ላይ የተገኘነው ሠላሳ ስምንት ሰዎች ነበርን። ልጁን የሰፈሩ ልጆች እስከ ዛሬ «ድስቱ» ይሉታል፤ ሥራ ፈልጎ ከሄደበት ቦታ ሁለቴ በዚሁ ስሙ ምክንያት እንደተመለሰ ሰምቻለሁ፣ አሁን የት እንደሚውል ግን በሰፈሩ የሚያውቅ የለም።

ዘንድሮ በኅዳር የአባትየው ወንድም አረፉ። በደንባችን መሠረት ድንኳን ተከልን፣ አግዳሚ አወጣን፣ የሐዘን ገንዘቡንም አስረከብን። የዕቃ ቤቱን አንዱን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ፣ በመቀጮው ገንዘብ የገዛናቸውን ሁለቱን አዳዲስ ድስቶች ለማውጣት ሁለተኛውን ባለ ቁልፍ ይዤ ሄድኩ። እናትየው ከጓሮ ብቅ ብለው፣ ድስት ከዘመዶቻቸው ከኮተቤ መምጣቱን ነገሩኝ፤ አመስግነውም ተመለሱ። ድስቶቹን መልሰን ሁለቱንም ቁልፎች ቆለፍን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ጡረተኛ መምህርና የዕድር ጸሐፊ
አዲስ አበባ